የአያ ቢተው መረብ

ከዘጌ ወዲያ ነን፣ ውኃው እሚታጠፍበት፣
ማታ ማታ ባሕር ዳርን እምናይበት።
መብራቷን በጣት እየቆጠርን፣
ያ ሆስፒታሉ፣ ያ ድልድዩ፣ ያ ማማው እያልን።
እኛ እናያታለን።
እሷ ታየን እንደሁ፣ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር፣ ገመድ ይመጣል ተብሎ፤
እስከ ረግረጉ ደርሶ እዚያው ቀረ ሥራው፤
አሁን እንቁራሪት ነው ውስጡ እሚያወራው።
ሦስት ዓመት ለወረዳ ማመልከቻ ጻፍኩኝ፣
"በሂደት ላይ ነው" የሚል ማኅተም ታቀፍኩኝ።
የተማሪ ውጤት፣ የፈተና ምዝገባ፣
በፍላሽ አንጠልጥዬ ከተማ ስገባ፣
"ሲስተም የለም" ሲሉኝ፣ ፍላሼን ጨብጬ፣
እመለሳለሁ በጀልባው ጫፍ ተቀምጬ።

ዘንድሮ፣ መጋቢት ላይ፣ ምንይችል መጣ፤
ሳህን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከጀልባ ወጣ።
ነጭ ናት፤ የሰፌድ ግማሽ ብትሆን ነው።
"ይቺ ናት?" አለ ሰዉ፣ "ገመዷስ የታለ?"
"ገመድ የላትም፣ በአየር ነው" አለ።
"ማማው ባሕር ዳር ነው፤ ይቺ እሱን ታያለች፤
እሱም ካያት በቃ፣ ወሬ ታመጣለች።
መተያየት ነው ሥራው፤ ዓይን ለዓይን፣ ቀጥታ፤
ቅጠል መሃል ገባ ማለት፣ ጋብቻው ተፈታ።"

ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ወጥቶ ቢመለከት፣
የደብሩ ዋርካ ቆሟል ከማማው ፊት ለፊት።
"ቅርንጫፉን እንቁረጥ" አለ አንድ ጎረምሳ፤
መሪጌታ ጥላዬ ቢያዩት፣ ቃሉን ረሳ።
ጤና ኬላው ዝቅ ይላል፣ ሸንበቆ ይጋርደዋል፤
የቀበሌውን ቢሮ ኮረብታው ይከልለዋል።
ሳህኗን እንደ ሙሽራ አቅፈን ቤት ለቤት ዞርን።

በስተመጨረሻ፣ ማማው የታየው፣
ከአያ ቢተው ጎጆ ነው፣ ዓሣ ከሚሰቅሉበት፣
ደንገል ከሚያደርቁበት፣ መረብ ከሚጠግኑበት።
ሽታው አይጣል ነው! የቀረሶ፣ የአምባዛ፣
ግድግዳው ላይ የደረቀ ቅርፊት እንደ ጤዛ።

አያ ቢተው ሳህኗን አገላብጠው አዩና፣
"መረብ ነው ያላችሁኝ? ቀዳዳው የታለና?
ስንት ጣት ነው ዓይኑ? ምን ያህል ይሰምጣል?"
"አያ፣ ይሄ ሳይሰምጥ በውኃው ላይ ይመጣል፤
ሞገድ ነው።"
"ሞገድማ እኔም አውቃለሁ፤
ስልሳ ዓመት ሙሉ፣ ይኸው እገፋለሁ።"

ጎጆው ጥግ አቆመ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ፣
ሳህኗን አሰራት ከአናቱ፣ ከጫፍ።
አንድ ጣት ወደ ግራ። ቆይ። ሩብ ጣት መልስ።
እሱ ስልኩን ያያል፤ እኛ እሱን።
"መጣች" አለ።
ምንም አልተሰማም። ውኃው እንደ ወትሮው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስምንተኞቹን እዚያ ነው የማስተምራቸው።
ነርሷ የዝና የቁስል ፎቶ ትልካለች፤
የሐኪሙን መልስ በርሜል ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።
ልጆቹ ተጠጋግተው የሕዋስ ሥዕል ያያሉ፤
ቤት ሲገቡ እናቶች "ዓሣ ሸተታችሁ" ይላሉ።
አያ ቢተውም ማለዳ ይጠይቁኛል፦
"ገበያው እንዴት አደረ? ቀረሶ ስንት ያወጣል?"
ካነሰ አይቀዝፉም።
ደላላው በጀልባ ቢመጣ፣ ሰላምታ ብቻ ይሰጡታል።

ሐምሌ ላይ ደመናው ውኃው ላይ ሲተኛ፣
ታኮርፋለች እሷም፣ እንደ ቀናተኛ።
የወሩ ሂሳብ በመዋጮ ነው፤ ያልከፈለ ሞልቷል፤
ስሙ ግድግዳው ላይ ከቅርፊት ጋር ተለጥፏል።
(የኔም አንድ ሰሞን ነበረበት።)

ትናንት፣ የሙከራ ፈተና መሃል፣ ድንገት ቆመብን።
ወጥቼ ቀና ብል፣ ሳቢሳ፣
ነጭ በነጭ ላይ ቁጭ ብላ፣
አንገቷን አስግጋ ባሕር ዳርን ታያለች።
አያ ቢተው መቅዘፊያ አነሡ፤
ቆዩና፣ አወረዱት።
"ተያት፤ እሷም የምታየው ይኖራታል" አሉኝ።

ድሮ "ወፍ የለም" ነበር የምንለው፣ መረብ ሲጠፋ፤
ይኸው ወፏ አለች፣ መረቡ ነው የጠፋ።
ዐሥራ አራት ልጅ፣ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ፣
አንጋጠን፣ እስክትነሣ እንጠብቃለን።